የጠዋት እንግዳ ስቆ ይግባ

ከቤት መውጣትን ማንም ያውቅበታል። ዕቃ ይሸከፋል፣ እናት ትሳማለች፣ አንድ ሁለቴ ዞር ተብሎ ይታያል፣ አለቀ። ጣጣው መመለስ ላይ ነው። እኔ በዘመኔ ብዙ ተመላልሻለሁ፤ ከባሕር ዳር ቆላ ድባ፣ ከቆላ ድባ ባሕር ዳር፣ አንዳንዴ በአውቶቡስ፣ አንዳንዴ በጎርጎራ ዞሬ በመርከብ። መሄዱን ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። አመላለስ ላይ ግን እንደኔ ያለ ገልቱ አልተፈጠረም። አንድ ጊዜማ ወደ እናቴ ቤት በመመለሴ ብቻ ሰፈር ሙሉ ሰው አስለቅሻለሁ፣ የእድር ጡሩምባ አስነፍቻለሁ፣ ድንኳን አስተክያለሁ። ያውም አንድም ክፉ ነገር ሳላስብ!

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እኔ ቆላ ድባ የተመደብሁ አዲስ አስተማሪ ነበርሁ። እናቴ ደግሞ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። ብቻዋን የቀረችው ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ በሰው በሰው ሰላምታ ይልክ ነበር። ኋላ ሰላምታውም ቀረ። እናቴ ስለ እሱ ስትጠየቅ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች፣ ጦር ሜዳ የቢሮ ሥራ ይመስል። ጠያቂውም «አዎ፣ ይሆናል» ብሎ ወሬ ይቀይራል።

ወንድሜን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው በሳቁ ነው። ሳቁ አልነሳም እንዳለ የጀልባ ሞተር ነው፤ ይሞክራል፣ ይንተፋተፋል፣ ጠፋ ሲሉት እንደገና ይሞክራል፣ መጨረሻ ላይ «ህቅ!» ብሎ ቀጥ ይላል። ቅዳሴ ላይ ስቆ ስንት ጊዜ ተቆንጥጧል። እናቴ በዚያ ሳቅ ትበግን ነበር። «ሰው እንዲህ ይስቃል? ትን ብሎህ የሞትህ መስሎኝ እኮ ክው አልሁ!» ትለዋለች። እሱ ይህን ሲሰማ ይብስበታል።

እንግዲህ መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ይታወቃል። በጠዋት ነው። ሰው ፊቱን ሳይታጠብ፣ አፉን ሳይጉመጠመጥ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ይደርሳሉ። ቄስ አይጠፋባቸውም። ሩቅ አገር ያለ ልጅ ወይ ዘመድም «እናትህን ትንሽ አሟት ነው» ተብሎ ይጠራና በሽማግሌ ተከብቦ ይመጣል። ማንም «እገሌ ሞተ» አይልም፤ አመጣጣቸው ይናገራል። «ማን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ ነውር ነው። የሚያይ አይቶ ያለቅሳል፣ ሌላውም እሱን አይቶ ያለቅሳል። ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ የእናቴ ጭንቀት ይኸው ነበር። ሌላውን ቀን እንደምንም ትገፋዋለች፤ ጠዋትን ግን ትፈራ ነበር።

በዚያ ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ለእናቴ አንድ ከረጢት የደምቢያ ሽምብራ ይዤ ከጎንደር አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ማክሰኝት ላይ ጎማው ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ ባለው ኬላ ሁሉ ውረዱ፣ ተፈተሹ፣ ውጡ ሆነ። አንዱ ፈታሽ ሽምብራዬን በሹል ብረት ደጋግሞ ወጋው፣ ፀረ አብዮት ሽምብራ ይመስል። እንዲህ ስንጎተት ባሕር ዳር መናኸሪያ የደረስነው ሰዓት እላፊ ሲገባ ነው። ማንም ንቅንቅ እንዳይል ተባለና እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብለን አደርን።

ሊነጋጋ ሲል «ውጡ» ተባልን። ከጎኔ የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች መንገዱን ሙሉ ልጃቸው አድርገውኝ ነበር። አንዱ ደቅ ደሴት የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ መምሬ እንላቸው ነበር፣ የጠዋቱን መርከብ ይጠብቃሉ። ሁለተኛው የወረታ ነጋዴ ናቸው፤ ሐጂ ይባላሉ። ሦስተኛው ከማክሰኝት የተሳፈሩ ገበሬ ሲሆኑ የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው። ዓይናቸው ያለማቋረጥ እንባ ያፈሳል፤ እሳቸውም በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉታል።

«ብቻሽን አትሄጂም፣ ልጄ» አሉ ሐጂ። «በዚህ ጭር ባለ መንገድ ሴት ልጅ ብቻዋን? ለእናትሽ ሳናስረክብሽማ!»

«ኧረ ቅርብ ነው፣ ሐጂ፣ አይድከሙ» አልሁ።

«መርከቡም ገና ነው» አሉ መምሬ። «እናደርስሻለን።»

እኔ እንደሚመስለኝ ቁርስም ሸቷቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ ከትናንት ጀምሮ የቀመስነው ነገር የለም።

ተነሳን። መምሬ ጥላቸውን ይዘው ከፊት። ሐጂ ከረጢቱን አልሰጥም ብለው በትከሻቸው። እኚያ ዓይነ በሽተኛ ገበሬ ጭለማው አላሳይ ስላላቸው ክንዴን ግጥም አድርገው ይዘው ከጎኔ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። እኔ ደግሞ ነጠላዬን በጭለማ ስደርበው ጥለቱ ወደ አንገቴ ዞሮ ኖሯል፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚያደርገው። ዓይኔ በአቧራና በእንቅልፍ እጦት ደም መስሏል። ብርዱ እያንቀጠቀጠን አንድም ቃል ሳንተነፍስ እንጓዛለን። መስታወት የለ፣ ምን እንደምንመስል በምን እንወቅ?

ቦኖው ጋ ስንደርስ ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን ውሃ ልትቀዳ ወረፋ ይዛለች። እኔን ስታይ ልትስመኝ ተንደረደረች። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አየች። ቀጥ አለች። ጄሪካኗን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ምንም ሳትናገር ከኋላችን ተከተለች። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተከተሉ። የውሃ ወረፋውን ጥለው! ባሕር ዳር የኖረ ሰው የቦኖ ወረፋ መተው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እኔ ዞር ብዬ አየኋቸው። ወንድሜ! ሁሉም ሰምተዋል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁ፣ ደጃችን እስክደርስ ነው የሚጠብቁኝ አልሁ። መጠየቅ ደግሞ አይቻልም። መንቀጥቀጥ ጀመርሁ። እነሱ ስንቀጠቀጥ አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰምቼ ባሰብኝ። ገበሬው ክንዴን ጠበቅ አደረጉና «አይዞሽ፣ ደረስን» አሉኝ። እሳቸው እኮ የደከመኝ መስሏቸው ነው!

እናቴ የግቢውን ቆርቆሮ በር ከፈተች። ቄስ ከነጥላቸው፣ ሽማግሌ ከነእንባቸው፣ ሰፈሩ ከነተዘቀዘቀ ነጠላው፣ መሐል ላይ ከቆላ ድባ የተጠራች ልጇ። ሁለት እጇን አፈፍ አድርጋ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«አይናገሩ፣ መምሬ! እንዳይናገሩ! ምንም ነገር አልሰማም!»

ምስኪን መምሬ፣ «እንደምን አደሩ» ሊሉ የከፈቱት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። እኔ እናቴ ጆሮዋን ስትይዝ ሳይ አለቀልኝ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብዬ ጮህሁ። ከኔ አፍ ይህ ሲወጣ ለእናቴም አለቀላት። ግቢው በአንድ ጊዜ ተደበላለቀ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያዝ የሚያደርገው ጠፋ። ጡሩምባው ተነፋ። የእድሩ ወጣቶች የድንኳን ብረት ተሸክመው መጡ። ሽምብራዬ፣ ያ ኬላ ለኬላ ሲወጋ የመጣው ሽምብራ፣ ተቀቅሎ ንፍሮ ሆነ። እኔ የማለቅሰው እናቴ መርዶ የሰማች መስሎኝ ነው፤ እናቴ የምታለቅሰው እኔ መርዶ ይዤ የመጣሁ መስሏት ነው፤ ሰፈሩ የሚያለቅሰው እኛን አይቶ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ የደረሱበት ቤት ለቅሶ ቤት ሆኖ ስላገኙት። ሰው ለቅሶ ላይ ደርሶ ዝም ብሎ አይሄድም። ሐጂ «አላህ ያጽናሽ» እያሉ እናቴን ደገፉ፣ ገበሬው በደህና ጊዜ የሚያፈሱት እንባ አሁን ቦታውን አገኘ። እናቴ ደረቷን እየደቃች ሙሾ ታወጣለች። ምን ብላ እንዳለቀሰች አልረሳውም፤ ቁመቱን አላነሳች፣ መልኩን አላነሳች፣ «ያንን የሚያናድደኝን ሳቅህን» ነበር የምትለው። «ማን ያናድደኝ እንግዲህ!»

ከሐይቁ በኩል የመርከቡ ጡሩምባ ተሰማ። መምሬ ቁንጥንጥ አሉ። መርከቡ ሊያመልጣቸው ነው፤ ጸሎት ሳያደርሱ መነሳት ደግሞ አይሆንላቸውም። መስቀላቸውን አወጡና ወደ እናቴ ጠጋ አሉ።

«ፍትሐት ላድርስለት። የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

እናቴ እያለቀሰች ነገረቻቸው።

«መቼ ነው ያረፈው?»

እናቴ ቀና አለች። «እኔን ይጠይቁኛል፣ መምሬ? የሚያውቁት እርስዎ!»

«እኔ? እኔ ከየት አውቄ?»

«ታዲያ መርዶውን ያመጡት እርስዎ አይደሉም?»

«ኧረ በስመ ሥላሴ! እኔ ልጅዎን ላደርስ ነው የመጣሁ!»

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄደ። የእድሩ ሰብሳቢ ድንኳን የሚተክሉትን በእጁ አስቆመና «ቆይ፣ ቆይ፣ ማነው መርዶውን የሰማ?» ሲል ጠየቀ። ሴቶቹ ወደ ጎረቤታችን ጠቆሙ። ጎረቤታችን ወደ እናቴ። እናቴ ወደ እኔ። እኔ ዞሬ ወደ ጎረቤታችን።

«እሷ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ አይቼ ነዋ!» አልሁ።

«እኔ ደግሞ ያንቺን አይቼ!» አለች።

ነጠላዬን ቁልቁል አየሁት። እውነቷን ነው።

ንፍሮ የሚዘግኑት ገበሬ ወደ ሐጂ ዞረው «እና ማንም አልሞተም?» ብለው ጠየቁ። ሐጂም «ማንም» አሉ። «አላህ ይመስገን» አሉና መዝገናቸውን ቀጠሉ። መጀመሪያ የሳቀው ከድንኳን ተካዮቹ አንዱ ነው መሰለኝ። ከዚያ ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፣ ሆዱን የማይዝ የለም። እናቴ ግን አልሳቀችም። የንፍሮውን ጭልፋ አነሳችና «አንቺ ቀውስ! አንቺ መዓተኛ! በቁሙ ልትገድይብኝ!» እያለች በድንኳኑ ዙሪያ አባረረችኝ። የመታችኝ ትከሻዬ ላይ ነው፣ አመመኝም። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ ዱላ የለም።

መምሬን መርከቡ ጥሏቸው ሄደ። እስከሚቀጥለው መርከብ ድረስ እኛው ቤት ሰነበቱና የተቀረውን ሽምብራ አብረን በላነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ግን እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቆርቆሮውን በር ማየት ጀመረች። ነገሩ ገባኝ። ማንም አልሞተም ተባለ እንጂ ወንድሜ አለ ያለ ሰው የለም። ከጠዋቱ የተሻለ የምናውቀው ነገር አልነበረም።

«ስሚ» አለችኝ። «ዛሬ አልቅሼ አየሁት። ሁለተኛ አላለቅስም። ከእንግዲህ ጠዋት በሬን የሚመታ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከውጭ ሆኖ ይሳቅ። ካልሳቀ አልከፍትም።»

«መርዶ የያዘ ሰው ቢመጣስ?» አልሁ፣ ምላሴን ይቁረጠውና።

«መርዶ ይዞ የሚስቅ ሰው አለ? አይስቅም። ካልሳቀ አልከፍትም። ካልከፈትሁ ደግሞ ልጄ አለ» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ቀልዷን መስሎኝ ነበር፤ ሕግ ሆነ። ወተት አምጪዋ በየማለዳው ቅሏን አቅፋ ቆርቆሮው ላይ «ቂ ቂ ቂ» ትላለች። የእናቴ የነፍስ አባት፣ በሕይወታቸው ጥርሳቸው ታይቶ የማያውቅ ሰው፣ ግራ ቀኝ አይተው «እህህህ» ብለው ይገባሉ። ሐጂ እንኳ ባሕር ዳር ለገበያ ሲመጡ እየሳቁ ነበር የሚዘይሩን፤ ለእሳቸውስ ማሳቂያም አያስፈልጋቸው፣ ያቺን ቀን ማስታወስ ይበቃቸዋል። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀ መንበር ካኪውን ግጥም አድርጎ እናቴን ለስብሰባ ሊቀሰቅስ በማለዳ መጣ። ሕጉን ሰምቷል። ጉሮሮውን ጠራረገና «ሃ! ሃ! ሃ!» አለ።

«ይኼ መፈክር ነው፣ ሳቅ አይደለም» አለች እናቴ ከውስጥ። «ይድገሙት!»

እኔ አልጋ ውስጥ ሆኜ ብርድ ልብሱን ነከስሁ። በዚያ ዘመን ሊቀ መንበርን «ይድገሙት» ማለት ምን እንደሚያስከትል ይታወቃል። ሰውየው ግን ራሱን ሳያስበው እውነተኛ ሳቅ አመለጠው። እናቴም ከፈተች። ስብሰባው ላይ አርፍዳ ብትደርስም ምንም አላላት።

ከሁሉ የከፋው የእኔ ነበር። አቧራ ጠጥቼ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አድሬ እመጣና ቤቴ በር ላይ ቆሜ እስቃለሁ። ቶሎ አልመጣ ሲለኝ «ያንቺን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ ይኼ የሆድ ቁርጠት ነው» ትለኛለች ከውስጥ። የቀበሌው ጥበቃዎች አንድ ሁለቴ ቆመው አይተውኝ ራሳቸውን እየነቀነቁ አልፈዋል። እናቴ የሰፈሩን ሳቅ ሁሉ በጆሮዋ ለይታ ማወቅ ቻለች። አንዳንድ ቀን ማንም ሳይመጣ በሩ ጋ ሄዳ ቆማ አገኛታለሁ። ምን እንደምትጠብቅ አልጠይቃትም ነበር።

ጊዜው እንዲህ ሄደ። በሌላ ክረምት፣ እኔ ቤት ባለሁበት፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ባባራበት ጠዋት፣ ቆርቆሮው ቀስ ብሎ ተመታ። ሳቅ የለም። እናቴ ከመደቡ ላይ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። ተከታትለን ግቢው መሐል ደረስን። እንደገና ተመታ፤ ከዚያ የሰው ለቅሶ ተሰማ። ወንድ ነው የሚያለቅሰው። ቃል የማይወጣለት ለቅሶ ነበር።

እናቴ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ሮጣ ሄዳ በሩን በጀርባዋ ደገፈችና እንደዚያን ቀን ሁለት ጆሮዋን በእጇ ያዘች።

«አልከፍትም! ሂዱ!»

እኔ ከአጥሩ ጋ ሄጄ በቀዳዳ አየሁ። ከሲታ ሰው ነው። የወታደር ካፖርት ለብሷል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ ደግፏል። ጢሙ ፊቱን በልቶታል። ጆሮውን ግን አወቅሁት፤ ልጅ ሆነን ስንጣላ የምጎትተውን ጆሮ እንዴት አላውቀው? ቆስሎ ሆስፒታል ሲከርም ኖሮ ተሰናብቶ መምጣቱን ኋላ ነው የሰማነው። እሱም እንደኔው ሰዓት እላፊ ይዞት መናኸሪያ አድሮ ነበር።

«እማዬ፣ እሱ ነው!» ብዬ ጮህሁ። አትሰማም። እጇን ከጆሮዋ ላላቅቅ ታገልሁ፤ ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣላት እንጃ። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አልሰማም፣ አልሰማም፣ ልጄ አለ።» ልጇ ከጀርባዋ ቆሞ እያለቀሰ!

ሌላ ምን ላድርግ? ወደ አጥሩ ተመለስሁና በቀዳዳው ጮህሁ።

«ሳቅ!»

ለቅሶው ቆመ። «ምን?» አለ የሻከረ ድምፅ።

«ሳቅ! ካልሳቅህ አትከፍትልህም!»

«እታለም… ምን ሆናችኋል?»

«በእናትህ ሳቅ አልሁህ፣ አንተ ደደብ!»

ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ ለቅሶና ሳቅ ተቀላቅሎበት ነበር። ሞከረ፣ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ። እንደገና ሞከረ። ስንት ጊዜ ሞቶ ከተረፈበት አገር እየተንፏቀቀ መጥቶ እኅቱ በአጥር ቀዳዳ «ሳቅ፣ አንተ ደደብ» ስትለው ምን ይበል? እውነተኛው መጣለት። ቆርቆሮውን ተደግፎ ነው የሚስቀው፣ ቆርቆሮውም አብሮት ይንቀጠቀጣል። እናቴ መንቀጥቀጡን በጀርባዋ ሰማችው። አንድ እጇ ከጆሮዋ ወረደ።

«ህቅ!»

በሩን እንዴት እንደከፈተችው አላየሁም። ያየሁት ኮሌታውን ጨምድዳ ስትጎትተው ነው። «ሰው በር ላይ በጠዋት ይለቀሳል? ሥርዓት የለህም?» ትለዋለች። «ስቀህ አትመጣም ነበር? ኧ? ስቀህ አትመጣም?» ከዚያ ደረቱ ላይ ተደፋች። ሁለተኛ አላለቅስም ያለችው ሴት ያንን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመችውን በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። ጩኸቷ ሐይቁ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ሰፈሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። ከፊት ያቺው ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን ነበረች። በራችን ላይ ግን ሁሉም ቀጥ አሉ። ካንድ ቀን ሞኝነት ተምረዋልና፣ ነውርም ቢሆን፣ ባንድ ድምፅ ጠየቁ።

«ማን ሞተ?»

እናቴ ፊቷን ከልጇ ደረት ሳታነሳ እጇን አወናጨፈችባቸው።

«ማንም! ሳቁና ግቡ!»